ልጅ በሰረቀ ጊዜ

ምንባብ፦ ወደ ፊልሞና ቍጥር 8–22



በአንድ ክርስቲያን ቤት «ልጁ ሰረቀ» በተባለ ጊዜ ቤቱን መጀመሪያ የሚሞላው ኀዘን አይደለም፤ ዕፍረት ነው። አባት «ሰው ምን ይለኛል?» ይላል፤ እናትም በሩን ትዘጋለች። ይህ ነገር ከስብከት መድረክ ብዙ ጊዜ ሲነገር አይሰማም። ወደ መጋቢ ቤት ግን ሰዎች ሲመሽ ነጠላቸውን ተከናንበው እየመጡ ስለዚሁ ይጠይቁናል። በዕድር ያልተናገሩትን፥ ከወንድምና ከእኅት የሸሸጉትን እየተሳቀቁ ይነግሩናል። እንግዲህ በየጓዳው በሹክሹክታ የምንጠየቀውን በዚህ ገጽ በግልጥ ብንመልስ ይሻላል ብለናል።

በአገራችን ትልቁም ትንሹም የሚያውቀው ተረት አለ። ልጁ ዕንቁላል ሰርቆ ባመጣ ጊዜ እናቱ ዝም ብላ ተቀበለችው። ልጁ አድጎ በሬ ሰረቀ፤ ተይዞም ሊሰቀል ሲወሰድ እናቱ እያለቀሰች ብትከተለው፥ «በዕንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ!» አላት። ተረቱ እውነት ይናገራል፤ ዝምታ ልጅን ያጠፋል። ነገር ግን እናቲቱ መቅጣት ይገባት እንደ ነበረ ተናግሮ፥ እንዴት መቅጣት ይገባት እንደ ነበረ ሳይናገር ያበቃል። ያንን ባዶ ስፍራ ብዙ ሰው በዱላ ሞልቶታል። እኛ በሌላ ነገር ይሞላ ዘንድ ቅዱስ ቃሉን እንጠይቅ።

ወደ ፊልሞና የተጻፈው መልእክት ከሐዋርያው ጳውሎስ መልእክቶች ሁሉ አጭሩ ነው፤ ያለው 25 ቍጥር ብቻ ነው። የሚናገረውም ስለ አንድ ቤት ጕዳይ ነው። አናሲሞስ የፊልሞና ባሪያ ነበረ፤ ከጌታው ቤት ወጥቶ ጳውሎስ ወደ ታሰረበት ስፍራ ደረሰ፤ በዚያም አመነ። «ሰረቀ» ተብሎ በግልጥ አልተጻፈም። ነገር ግን ጳውሎስ ስለ በደልና ስለ ዕዳ ስላነሣ፥ እንደ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ያሉ የጥንት መምህራን አናሲሞስ ከጌታው ቤት ባዶ እጁን እንዳልወጣ ተረድተዋል።

ጳውሎስ ለዚህ ሰው ምን አደረገለት? አስቀድሞ ልጄ ብሎ ጠራው። ይህን ስም የሰጠው ዕዳው ከተከፈለ በኋላ አይደለም፤ ዕዳው ገና ሳይከፈል፥ ጌታው ገና ሳይታረቀው ነው። ልጄ ስላለው ግን አልደበቀውም። በእስራቱ ያገለግለው ዘንድ ሊያስቀረው ይወድ እንደ ነበረ ራሱ ይናገራል፤ ፊልሞናም ሩቅ ነበረ። ይሁን እንጂ ወደ ተበደለው ሰው ደጅ መልሶ ሰደደው። ብቻውንም አልሰደደውም፤ ወደ ቈላስይስ ሰዎች በተጻፈው መልእክት በምዕራፍ 4 አናሲሞስ ከቲኪቆስ ጋር እንደ ተጓዘ እናነባለን። ጳውሎስ ራሱ በሰንሰለት ስለ ነበረ መሄድ አልቻለም፤ በእርሱ ስፍራ የታመነ ወንድምና ደብዳቤ ሄዱ። በደብዳቤውም ዕዳው በራሱ በጳውሎስ ስም እንዲጻፍ ለመነ፤ እንደሚከፍልም በገዛ እጁ ጽፎ አረጋገጠ።

ወላጆች ሆይ፥ ልጅ በሰረቀ ጊዜ የሚገባን ነገር በዚህ ውስጥ አለ። ልጅነቱን አንክደውም፤ ጥፋቱንም አንሸሽግለትም፤ ወደ ተበደለው ሰው ደጅ አብረነው እንሄዳለን፤ ከዕዳውም ድርሻ እንወስዳለን። ማርቲን ሉተር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1522 ባሳተመው አዲስ ኪዳን ለዚህ መልእክት በጻፈው መቅድም፥ ጳውሎስ በፊልሞና ፊት ለአናሲሞስ የቆመው ክርስቶስ በአብ ፊት ለእኛ እንደ ቆመልን ነው ብሎ ያስተምራል፤ የምናምን ሁላችን በአናሲሞስ ስፍራ እንዳለንም ያሳስባል። ይህን የረሳ ወላጅ የልጁን ስርቆት በሰማ ጊዜ በዳኛ ወንበር ላይ ብቻ ይቀመጣል። ይህን የሚያስታውስ ግን የራሱ ዕዳ በሌላው ስም ተጽፎ እንደ ተከፈለለት ዐውቆ ወደ ልጁ ይቀርባል።

ነገር ግን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። የ3 ወይም የ4 ዓመት ሕፃን የጎረቤቱን መጫወቻ ይዞ ቢመጣ ሌባ አይባልም፤ የእኔና የእርሱ የሚባለውን ገና እየተማረ ነውና። እጁን ይዞ መውሰድና ዕቃውን በገዛ እጁ ማስመለስ ይበቃል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ እንኳ 9 ዓመት ያልሞላውን ልጅ በወንጀል አይጠይቅም፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለውንም እንደ ዐዋቂ አይቀጣውም። የምድር ሕግ ይህን ያህል ከታገሠ፥ ልጁን በጥምቀት ለእግዚአብሔር የሰጠ ወላጅ ትዕግሥቱ ከዚህ ሊያንስ አይገባም።

ከፍ ያለው ልጅ ለምን እንደ ወሰደ ይጠየቅ። መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 6 ርቦት የሚሰርቀውን ሰው ሰዎች እንደማይንቁት ይናገራል፤ ሆኖም መክፈሉን አያስቀርለትም። ርቦት የጓደኛውን ምሳ ዕቃ ከፍቶ የበላ ልጅ በመካከላችን ቢኖር፥ የሚከሰሰው ልጁ ብቻ አይደለም፤ ባዶ እጁን ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ያላየነው ማኅበርም ይከሰሳል። ሌላው ልጅ ደግሞ ሳይርበው ይሰርቃል። አውግስጢኖስ በዛሬይቱ አልጀሪያ ሲያድግ በ16 ዓመቱ ከጓደኞቹ ጋር በሌሊት የጎረቤት ፍሬ እንደ ሰረቀ በኑዛዜው ሁለተኛ መጽሐፍ ጽፎአል። በቤቱ ከዚያ የሚሻል ፍሬ ነበረው፤ የሰረቁትንም ለዐሣማ ጣሉት። ብቻውን ቢሆን ኖሮ እንደማያደርገው ይናገራል። በጓደኞቹ ዘንድ እንዲከበር ብስኩት የሚገዛላቸው፥ ለብስኩቱም ከእናቱ መቀነት ብር የሚፈታ ልጅ ከዚህ ወገን ነው። ደግሞም እናቱ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ሄዳ ከአያቱ ጋር የቀረ ልጅ አለ። ገንዘቡ በየወሩ ይመጣል፤ እናቱ ግን አትመጣም። እንዲህ ያለው ልጅ ከዚያ ገንዘብ ሲሰርቅ ምን እንደ ፈለገ ራሱም አያውቅም። ለዚህ ልጅና ለአውግስጢኖስ ዐይነቱ ልጅ አንድ መድኃኒት መስጠት አይቻልም።

ስትጠይቁትም ወጥመድ አትዘርጉለት። ብሩን እርሱ እንደ ወሰደ እያወቃችሁ «ማን ወሰደው?» ብትሉት በስርቆቱ ላይ ሐሰትን ታስጨምሩታላችሁ፤ የፈራ ልጅ ይክዳልና። «ብሩን አንተ እንደ ወሰድህ ዐውቀናል፤ ቅረብና ንገረን» በሉት። ለእውነት የሚሆን ስፍራ ክፈቱለት።

ስለ ዱላውም እንናገር፤ ይህን ዘሎ የሚያልፍ ስብከት ፈሪ ስብከት ነውና። በየአገሩ ሌባ የተባለን ልጅ በበርበሬ ማጠን፥ እጁን በእሳት መለብለብ፥ ከምሰሶ ጋር ማሰር ልማድ ሆኖ ቈይቶአል፤ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። ይህን የሚያደርጉት ጨካኞች ብቻ አይደሉም። ልጃቸውን የሚወዱ፥ የዕንቁላሉን ተረት የሚያስታውሱ፥ ልጃቸው ወኅኒ ቤት እንዳይወርድ የሚፈሩ ሰዎች ያደርጉታል። ማርቲን ሉተርም ከእንደዚህ ያለ ቤት ወጥቶአል። በጎለመሰ ጊዜ በማዕዱ ዙሪያ ለተቀመጡት እንደ ተናገረው፥ ስለ አንዲት ለውዝ እናቱ ደሙ እስኪፈስ ድረስ ገረፈችው። ወላጆቹ በጎ አስበው እንዳደረጉት መሰከረላቸው፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ጭካኔ ፈሪ አድርጎት ወደ ገዳም እንደ ገፋው አልሸሸገም። ስለዚህ የሚቀጣ ወላጅ ከበትሩ አጠገብ ፖም ማኖር አለበት ብሎ መከረ። አንዲት ለውዝ! ያ ልጅ እግዚአብሔርን እንደ ቍጡ ገራፊ አድርጎ ሲፈራ ስንት ዓመት ኖረ?

የምሳሌ መጽሐፍ ስለ በትር የሚናገረውን የምታነሡብን አላችሁ። መጽሐፉ ተግሣጽን ያዝዛል፤ እኛም አንሽረውም፤ ተግሣጽ የሌለበት ፍቅር የዕንቁላሉ እናት ፍቅር ነው። ነገር ግን ሐዋርያው በኤፌሶን 6 አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡ፥ በቈላስይስ 3 ደግሞ የልጆች ልብ ተስፋ እንዳይቈርጥ ያስጠነቅቃል። ጠባሳ የሚተው፥ እስትንፋስ የሚያሳጣ ቅጣት ሰባተኛውን ትእዛዝ ለመጠበቅ ሲባል አምስተኛውን መጣስ ነው፤ አምስተኛው የባልንጀራችንን ሥጋ እንዳንጎዳ ይከለክለናልና፤ ልጅም ባልንጀራ ነው። በበርበሬ ጢስ የታፈነ ልጅ «ስርቆት ክፉ ነው» የሚለውን አይማርም፤ «መያዝ ክፉ ነው» የሚለውን ይማራል። ከዚያም ስርቆቱን ሳይተው ብልኅ ይሆናል።

ከዱላው ወደ ሌላው ጫፍ የሚሸሹም አሉ። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 17 ሚካ የሚባል ሰው ከእናቱ 1,100 ብር ሰረቀ። እናቱ ሌባውን ሳታውቅ ረገመች። ልጅዋ እርግማኑን ሰምቶ በፍርሃት ተናዘዘ፤ ብሩንም መለሰ። ወዲያው ባረከችው። ለምን እንደ ወሰደ አልጠየቀችውም፤ በእግዚአብሔርም ፊት አልቆሙበትም። ከተመለሰው ብር 200ውን ለአንጥረኛ ሰጥታ ጣዖት አሠራች፤ ጣዖቱም በልጅዋ ቤት ተቀመጠ። ፈጥኖ የተሰጠ ምርቃት የልጁን ጥፋት እንደማይፈውስ ይህች እናት ታሳየናለች። እርግማኑም ቢሆን ያደረገው ማስፈራራት ብቻ ነው። ዛሬም ዕቃ ሲጠፋ ሌባውን ለማስረገም ወደ ጠንቋይ ደጅ የሚሄድ ክርስቲያን ቢኖር በሚካ እናት መንገድ እየሄደ ነው።

ሌባው ባልታወቀ ጊዜ ከስርቆቱ የከፋ በደል በቤት ውስጥ ሊሠራ ይችላል። ቀድሞ በአገራችን ሌባ ሻይ የሚባል ሥርዓት ነበረ። ለአንድ ትንሽ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ያጠጡታል፤ በወገቡም መቀነት አስረው እየተከተሉ በመንደር ይነዱታል፤ ደክሞ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ዕዳ ይከፍል ነበር። ሥርዓቱ ከተሻረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ነገር ግን ማስረጃ ሳይኖር ጣታችን ወደ ደካማው ሰው የሚዞረው ለምንድር ነው? ሌባ ሻይ ከመንደር ቢወጣም ከልባችን አልወጣም።

ከምናውቃቸው ቤቶች በአንዱ እንዲህ ሆነ። እናት ለዕቁብ ያስቀመጠችው 1,200 ብር ከሣጥን ጠፋ። በቤቱ ከገጠር የመጣች፥ የአባትየው የሩቅ ዘመድ የሆነች የ14 ዓመት ልጃገረድ ነበረች፤ ቀን የቤት ሥራ ትሠራለች፥ ማታ ትማራለች። ከእርስዋ በቀር ማንም አልተጠየቀም። የልብስ ጥቅልዋ በጎረቤት ፊት ተፈታ፤ ምንም ባይገኝበት «ደብቃዋለች» ተባለ። ያልተከፈላት ደመወዝ ስለ ጠፋው ገንዘብ ተያዘ፤ በማግስቱም በአውቶቡስ ወደ አገርዋ ሰደዱአት። ከ6 ሳምንት በኋላ ባለሱቁ ሌላ ወሬ ሲያወራ፥ የዚያ ቤት የ11 ዓመት ልጅ ለጓደኞቹ ኳስና ብስኩት ይገዛ እንደ ነበረ ለእናቱ ነገራት። ልጁም ሲጠየቅ አልካደም።

እናትየው ሌሊቱን ስታለቅስ አደረች። ለባልዋም «ደመወዝዋን በሰው እጅ እንላክላት፤ ልጃችንን ስለ ምን እናዋርደዋለን?» አለችው። ይህ ቃል ከክፋት አልወጣም፤ በእርስዋ ስፍራ ያለች እናት ሁሉ ይህን ታስባለች። ነገር ግን ከዚያች ልጃገረድ የተወሰደው ደመወዝ ብቻ ነበረን? ስምዋም ተወስዶ ነበር። ደመወዙ ተመልሶ ስምዋ ባይመለስ፥ ሰባተኛውን ትእዛዝ ጠገንን ስንል ስምንተኛው ፈርሶ ይቀራል፤ እርሱ በባልንጀራችን ላይ በሐሰት እንዳንመሰክር፥ ስሙንም እንድንጠብቅለት ያዝዘናልና።

አባትየው ወደ እኛ መጣ፤ የፊልሞናንም መልእክት አብረን አነበብን። ልጁ አያቱ የሰጡት፥ ራሱ የሚያበላው ጠቦት ነበረው። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 5 የበደለ ሰው ኀጢአቱን ተናዝዞ የወሰደውን በሙሉ እንዲመልስ፥ አምስተኛውንም እጅ እንዲጨምር ታዞአል። ለልጁ ይህ ተነበበለት፤ ጠቦቱም ተሸጠ። ያልበቃውን አባትየው ከራሱ ሞላ። ልጁ ምንም ሳይጎድልበት አባት ብቻውን ቢከፍል ኖሮ ልጁ አይማርም ነበር፤ ልጁ ብቻውን ይክፈል ቢባል ደግሞ ከአቅሙ በላይ ነበረ። ስለዚህ ሁለቱ አብረው ከፈሉ።

አባትና እናት ልጃቸውን ይዘው በአውቶቡስ ሄዱ፤ ከዚያም ሁለት ሰዓት በእግር ተጓዙ። በደጅም የልጃገረዲቱን አባት አገኙአቸው። አባትየው ቆሞ፥ «ጋሼ፥ ብሩን የወሰደው ይህ ልጄ ነው። ልጅዎን በሐሰት የከሰስናት ግን እኛ ነን፤ ለዚያ በደል የምንጠየቀው እኔና ባለቤቴ ነን» አላቸው። ልጁ ገንዘቡን በሁለት እጁ አቀረበ። በመንገድ ያጠናውን ቃል ሊናገር ጀምሮ አቃተውና አለቀሰ። ሽማግሌው ብዙ ዝም ካሉ በኋላ «ግቡ» አሉአቸው። ቡና ተፈላ፤ ዝም ተብሎ ተጠጣ። ልጃገረዲቱ ከጓዳ አልወጣችም። ተመልሳ እንድትመጣ ቢለምኑአት እምቢ አለች፤ ልክ ናት ብለን እናምናለን። በእናትዋ በኩል አንድ ቃል ብቻ ላከችባቸው፦ ጥቅልዋ ሲፈታ ቆመው ያዩት ጎረቤቶች እውነቱን ይወቁ።

ወደ ቤታቸው በተመለሱ ጊዜ አባትየው እነዚያን ጎረቤቶች ጠርቶ፥ «ከቤታችን የጠፋው ብር የት እንደ ገባ ዐውቀናል። ልጅቷ ንጹሕ ናት፤ እኛ በድለናታል» አላቸው። የልጁን ስም አላነሣም። ይህንንም መልካም አደረገ እንላለን። በደልን ለተበደለው ሰው መናዘዝ ይገባል፤ ልጅን በመንደር ሁሉ ፊት ማቆም ግን ለማንም አይጠቅምም፤ የተበደለው ሰው ስም ሊመለስ የሚችለው ያለዚያ ካልሆነ በቀር።

ይህን ሁሉ የምታደርጉት በቤታችሁ ሌላ ስርቆት ከሌለ ነው። ሉተር በ1529 ባወጣው ትንሹ ካቴኪዝም ሰባተኛውን ትእዛዝ ሲተረጕም በሐሰተኛ ሸቀጥና በተንኮል ንግድ የሚወሰደውንም ስርቆት ብሎታል። አባት ሚዛኑን በጣቱ ሲጫን፥ እናት በወተቱ ላይ ውኃ ስትጨምር፥ የቢሮ ወረቀትና ብዕር ወደ ቤት ሲመጣ፥ ባለዕዳው በደጅ ቆሞ ሳለ «አባዬ የለም በል» ተብሎ ልጅ ሲላክ፥ ልጁ ያለ መምህር እየተማረ ነው። ዛሬ ደግሞ የአባቱን ስልክ የምሥጢር ቍጥር ያወቀ ልጅ በቴሌብር ገንዘብ ያወጣል፤ አባት በስሕተት የተላከለትን የሌላ ሰው ገንዘብ ዝም ብሎ ሲያስቀር ያየ እንደ ሆነ በምን አፍ ይገሥጸዋል? የካህኑ የዔሊ ልጆች ከመሥዋዕቱ ሥጋ በግድ ይወስዱ ነበር። ዔሊ ነገራቸው፤ ነገር ግን አልከለከላቸውም። ለምን እንዳልከለከላቸው ስናነብ፥ በመጀመሪያው ሳሙኤል ምዕራፍ 2 ከዚያው ሥጋ ራሱም ይወፍር እንደ ነበረ እናገኛለን።

ዕዳው በተከፈለ ጊዜ ምን ይሁን? አባት በቤቱ እንደ መጋቢ ነውና ይቅርታን በአፉ ይናገር። «በኢየሱስ ክርስቶስ ይቅር ተብለሃል፤ እኛም ይቅር ብለንሃል» ይበለው። ይህ ቃል በልብ ታስቦ ብቻ አይቅር፤ ልጁ በጆሮው ሊሰማው ይገባል። ከተባለም በኋላ ነገሩ በማዕድ አይነሣ፤ ወንድሞቹም በጠብ ጊዜ «አንተ ሌባ!» ብለው እንዲጠሩት አይፈቀድ። በየመንደሩ በልጅነቱ አንድ ጊዜ ሰርቆ እስከ ሽበቱ ሌባው ሲባል የሚኖር ሰው አናጣም። አናሲሞስ ማለት የሚጠቅም ማለት ነው፤ ጳውሎስም ይህን ስም አንሥቶ ቀድሞ የማይጠቅም የነበረው አሁን ለሁለታቸውም እንደሚጠቅም ለጌታው ጻፈለት። ለልጃችሁም ጥቅም ስጡት። ወደ ሱቅ ላኩት፤ መልሱን ያምጣ፤ ቍጠሩት፤ ልክ ሲሆን «ልክ ነው» በሉት። በኤፌሶን 4 የሰረቀው ሰው በእጆቹ እንዲሠራ ታዞአል፤ የሚሠራበትም ምክንያት ለችግረኛ የሚያካፍለው እንዲኖረው ነው። ልጁ ለጎረቤት ውኃ ቀድቶ ካገኘው ጥቂት ብር አንዱን ለሌላ ሰው ይስጥ። የተቀበለው እጅ መስጠትን ሲለምድ ልቡ ይከተለዋል። ምግቡንና ትምህርቱን ግን ስለ ዕዳው አትከልክሉት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ የሚሰርቅ ልጅ አለ። ሁለተኛ ጊዜም አብራችሁት ሂዱ፤ ሦስተኛም ቢሆን። ነገሩን በቤታችሁ ብቻ አትያዙት፤ መምህሩ፥ የማኅበሩ ሽማግሌ፥ ልጁም የሚያከብረው አጎት ይወቀው። ከትልልቅ ልጆች አንዱ አስገድዶት እንደ ሆነ፥ ሱስ ይዞት እንደ ሆነ፥ ወይም ለማንም ያልተናገረው ሌላ በደል ደርሶበት እንደ ሆነ ይመርመር። ለእንዲህ ያለው ልጅ ጸሎት የመጨረሻው መንገድ አይደለም፤ በየማታው ከእርሱ ጋር፥ በስሙ የሚጸለይ የመጀመሪያው መንገድ ነው። ጌታ በሁለት ወንበዴዎች መካከል ተሰቅሎ አንዱን ወደ ገነት እንደ ወሰደው አትርሱ።

የመልእክቱን 22ኛ ቍጥር ደግሞ ብዙ አንባቢ ዘሎት ያልፋል። ጳውሎስ ስለ ዕዳው ጽፎ ከፈጸመ በኋላ፥ ለራሱ ማደሪያ እንዲያዘጋጅለት ፊልሞናን ለመነው። ከእስራት ተፈትቶ ወደዚያ ቤት ሊመጣ ተስፋ አድርጎ ነበር። አናሲሞስና ጌታው እንዴት እንደሚኖሩ በዐይኑ ሊያይ ወደደ። እንግዲህ ዕዳው ከተከፈለ ከጥቂት ወራት በኋላ፥ በበዓል ቀን ይሁን በሌላ ቀን፥ ዳቦ ጋግራችሁ ወደዚያው ደጅ ተመለሱ። በዚያን ጊዜ የምትከፍሉት ነገር አይኖርም፤ ለሰላምታ ብቻ ትሄዳላችሁ። ልጁ ዳቦውን ይያዝ፤ ደጁንም እርሱ ያንኳኳ። አሜን።